የተለያየ የዘር ሐረግ በአንድ ወጥ መንጋ፤ የሥጋ ከብት እርባታ ታሪክ ከኬተን እስከ ክሌይ ሴንተር

በ1810 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ በደርሃም አውራጃ፣ ኬተን በተባለው የእርሻ ቦታ አንድ ሐራጅ ተካሄደ። ቻርልስ ኮሊንግ የተባለው አርቢ ሥራውን ጠቅልሎ ሊተው ስለ ወሰነ አርባ ሰባት ሾርትሆርን፣ ማለትም ቀንደ አጭር ከብቶቹን ለተጫራቾች አቀረበ። ከነዚህም መካከል ኮሜት የተባለው የስድስት ዓመት ኮርማ በ1,000 ጊኒ ተሸጠ። ከዚያ በፊት ለአንድ ኮርማ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ ስለማያውቅ ወሬው በአገሩ ሁሉ ናኘ፤ የሾርትሆርንም ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍ አለ።

የኮሜት የትውልድ ሐረግ ግን ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ለሚቈጥር ሰው ለመስማት የሚዘገንን ነው። ፌቨሪት የተባለው ኮርማ እናቱን ፊኒክስን አጥቅቶ ያንግ ፊኒክስ የተባለች ጊደር ተወለደች። ኋላም ይኸው ፌቨሪት ልጁን ያንግ ፊኒክስን አጥቅቶ ኮሜት ተገኘ። ስለዚህ ፌቨሪት ለኮሜት አባቱም አያቱም ሲሆን፣ ፊኒክስ በአባቱም በእናቱም በኩል አያቱ ነች። ኮሊንግ ይህን ያደረገው ባለማወቅ አልነበረም። ዘዴውን የወሰደው ከሮበርት ቤክዌል (1725–1795) ሲሆን፣ ቤክዌል በሌስተርሻየር ዲሽሊ በተባለው እርሻው የበጎችንና የቀንደ ረጅም ከብቶችን ቅርጽ ያሻሻለው፣ የመረጣቸውን እንስሳት ከራሳቸው የቅርብ ዘመድ ጋር እያራባ ነበር። ከዘመድ የተወለደ እንስሳ ከአባቱና ከእናቱ የሚወርሰው ነገር አንድ ዓይነት ስለሚሆን የልጆቹ መልክ ይቀራረባል። አንድ ወጥ መንጋ ለማግኘት ከዚህ የፈጠነ መንገድ አልነበረም።

ነገር ግን በዚያው በኬተን ሐራጅ ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ታሪክ ነበር። ኮሊንግ ከዓመታት በፊት አንዲት ቀንድ አልባ የስኮትላንድ ጋሎዌይ ላም በሾርትሆርን ኮርማ አስጠቅቶ ነበር፤ የተገኘውን ወይፈን ከሾርትሆርን ላም፣ የዚያንም ልጅ እንደገና ከሾርትሆርን ጋር እያዳቀለ የባዕዱን ደም ወደ ትንሽ ክፋይ ዝቅ አደረገው። ተቀናቃኞቹ በንቀት እነዚህን ከብቶች «አሎይ»፣ ማለትም ቅይጥ ብረት ብለው ሰየሟቸው። ለመሐንዲስ ጆሮ ይህ ስድብ አይመስልም፤ ብረት ያለ ቅይጥ ምን ያህል እንደሚረባ ማንም ያውቃልና። በሐራጁም ዕለት የቅይጦቹ ዋጋ ንጹሕ ከሚባሉት የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የዘለቀው የከብት አርቢዎች ክርክር፣ ማለትም ደምን ዘግቶ ወጥነትን መጠበቅ ወይስ ደምን ቀላቅሎ ብርታትን ማግኘት የሚለው ጥያቄ፣ በዚያ አንድ ሐራጅ ላይ ከነመልሶቹ ቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ያሸነፈው የዘጊዎቹ ወገን ነው። በ1822 ጆርጅ ኮትስ የሾርትሆርንን የዘር መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ። መዝገቡ ለአርቢው ትልቅ መሣሪያ ቢሆንም፣ ሰዎች ከብቱን ትተው ወረቀቱን እንዲገዙ በር ከፈተ። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የቶማስ ቤትስ የዱቼስ ቤተሰብ ነው። ቤትስ ከኮሊንግ በገዛት ላም ላይ የመሠረተውን ይህን ቤተሰብ ከውጭ ደም እየጠበቀ ያራባ ነበር። ላሞቹ መልካቸው የሚያምር፣ እርስ በርሳቸውም የሚመሳሰሉ ነበሩ፤ ግን እየቈዩ ልጅ ነሡ። ቤትስ ራሱ ችግሩን ስላወቀ በ1831 ቤልቪዴር የተባለ ከሌላ ቤት የመጣ ኮርማ ገዝቶ መንጋውን አድሷል። ከእርሱ ሞት በኋላ የመጡት ገዥዎች ግን ከቤትስ ጥንቃቄ ይልቅ የቤትስን ስም ወረሱ። በ1873 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ኒውዮርክ ሚልስ በተባለው ቦታ በተደረገው ሐራጅ አንዲት የዱቼስ ላም በ40,600 ዶላር ተሸጠች። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ስንት የእርሻ መሬት እንደሚገዛ ለማሰብ አያዳግትም። ገዥዎቹ የገዙት የመራባት አቅሙ የተሟጠጠ ቤተሰብ ነበር፤ የዱቼስ ዝናም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈየም።

የዝምድናን መጠን በቍጥር ለመግለጽ የበቃው ሴዋል ራይት የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው። ራይት በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ውስጥ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በማንኛውም የትውልድ ሐረግ ላይ የጋራ አያት በተገኘ ቍጥር በየትውልዱ ግማሽ በግማሽ እየቀነሱ መንገዶቹን መደመር እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ስሌት የወንድምና የእኅት ልጅ የዝምድና መጠን 25 ከመቶ ነው። የኮሜት መጠን የሩቁን ዝምድና ሳይቈጥሩ እንኳ 37 ከመቶ ተኩል ይደርሳል። ራይትና ባልደረባው የሾርትሆርንን መዛግብት በዚህ ዘዴ ሲመረምሩ፣ ዝርያው በሙሉ ከሞላ ጐደል የዚያ የኬተኑ የፌቨሪት ቤተሰብ ሆኖ አገኙት። አንድ ኮርማ ከመቶ ዓመት በኋላ በሁለት አህጉሮች ላይ በሚገኙ መቶ ሺዎች ከብቶች ውስጥ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የዚህ መዘዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ የታየው የድንክ ጥጆች ነገር ያስረዳል። በ1940ዎቹ በትርኢት ሜዳ ላይ ሽልማት ያገኝ የነበረው አጭር፣ ድልብና ክብ የሆነ ከብት ነበር። ዳኞቹ የሚመርጡት ይህ ቅርጽ ድንክነትን የሚያመጣውን ዘረመል በአንድ በኩል ብቻ ከወረሱ እንስሳት ላይ አዘውትሮ ይገኝ ስለነበር፣ ሳያውቁት የበሽታውን ተሸካሚዎች ሲሸልሙ ኖሩ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከአራት ጥጆች አንዱ ትንፋሹ የሚያንኰራፋ፣ ሆዱ የተነፋ ድንክ ሆኖ ይወለዳል። በሄርፎርድና በአንገስ መንጋዎች ውስጥ ይህ ሲበዛ የዘር መዝገቡ ጥላቻ ሆነበት፤ ሰው በትልቅ ዋጋ የገዛውን ኮርማ የትውልድ ሐረግ እያየ ለቄራ ሰጠ። መንጋዎቹ አንድ ወጥ ነበሩ፤ ጥፋታቸውም አንድ ወጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመድን ከዘመድ ማራባት ሁልጊዜ በጥፋት ያልቃል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። በሞንታና ክፍለ ሀገር ማይልስ ሲቲ አጠገብ ፎርት ኪዮ በተባለው የምርምር ጣቢያ በ1934 የአንድ አባት ልጆች በሆኑ ሁለት የሄርፎርድ ኮርማዎች የተጀመረው «ላይን አንድ» የተባለው መንጋ ከውጭ ምንም ደም ሳይገባበት እስከ ዘመናችን ቈይቷል። ለዚህ ያበቃው አመራረጡ ነው። በጣቢያው ኮርማ የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን በሚዛን ላይ በታየ ዕድገቱ ነበር፤ የማትወልድ ላምም ቦታ አልነበራትም። ዝምድናውም በዝግታ እንጂ እንደ ኬተን በሁለት ትውልድ አልተጠራቀመም። በ2009 የከብት ሙሉ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተመረጠችው የዚህ መንጋ ላም ዶሚኔት ነበረች፤ ምክንያቱም የዝምድና መጠኗ 30 ከመቶ ያህል ስለሆነ ከአባትና ከእናት የወረሰችው ሁለት ቅጂ እጅግ ተመሳስሎ ለንባብ የቀለለ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ዛሬም ከዚህ መንጋ የወጡ ኮርማዎች የሚፈለጉት በአብዛኛው ለሌላ መንጋ፣ ለሌላ ሐረግ ላሞች ነው። የተዘጋ ደም ዋጋው የሚታየው ሲከፈት ነው።

ክርክሩ መልኩን የለወጠው ግን በደቡብ ቴክሳስ ነው። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው አገር ሙቀቱ፣ መዥገሩና ድርቁ ለእንግሊዝ ከብት የሚስማማ አይደለም። የኪንግ ራንች ባለቤቶች በሾርትሆርንና በሄርፎርድ ብዙ ደክመው ነበር። በ1910 ከጎረቤት አርቢ በስጦታ ያገኙት አንድ የሾርትሆርንና የብራህማን ዲቃላ ኮርማ (ብራህማን ሻኛ ያለው፣ ከህንድ ዘር የሚወለድ ከብት ነው) ልጆቹ በዚያ ግጦሽ ላይ ከሌሎቹ በልጠው ታዩ። ከዚህም የተነሣ በ1918 አምሳ ሁለት የብራህማን ደማቸው የሚያመዝን ኮርማዎች ገዝተው በሺህ የሚቈጠሩ የሾርትሆርን ላሞችን አስጠቁ። በ1920 ከነዚህ መካከል መንኪ የተባለ ቀይ ጥጃ ተወለደ። ሥራውን የሚመራው ሮበርት ክሌበርግ ጥጃው ሲያድግ የሚፈልገውን ቅርጽና ቀለም አንድ ላይ ስላገኘበት ወደ ኬተን ዘዴ ተመለሰ፤ መንኪን ከሴቶች ልጆቹ፣ ወንዶች ልጆቹንም ከእኅቶቻቸው ጋር እያዳቀለ ባሕርዩን አጸና። መንኪ በ1932 እስኪሞት ድረስ ለእርባታ የበቁ ከ150 በላይ ወንዶች ልጆች ትቷል። በ1940 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሳንታ ገርትሩዲስን ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ ተቀበለ፤ ድርሻውም ከስምንት አምስት ሾርትሆርን፣ ከስምንት ሦስት ብራህማን ነው። በሜዳ ላይ የተሰማሩ ቀይ ሳንታ ገርትሩዲሶችን የሚያይ ሰው ከሁለት አህጉር የመጣ ደም እንደ ተቀላቀለባቸው በቀላሉ አይገምትም።

በዚያው በደቡብ ቴክሳስ ቶም ላስተር የተባለ ወጣት በ1931 የአባቱን መንጋ ተረከበ። ላስተር ብራህማንን፣ ሄርፎርድንና ሾርትሆርንን በአንድ ግጦሽ ላይ እንዲቀላቀሉ አደረገ፤ በ1937 መንጋውን ከውጭ ደም ዘጋ። ከክሌበርግ የሚለየው ስለ ቀለም ግድ ያልነበረው መሆኑ ነው። ላሙ ቀይ ትሁን ቡሬ፣ ዳልቻ ትሁን ቦቃ፣ ቀንድ ይኑራት አይኑራት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስድስት ነገር ብቻ ነበር፤ ገራምነት፣ ወላድነት፣ ክብደት፣ የአካል አቋም፣ ጠንካራነትና ወተት። ጊደር በሁለት ዓመቷ መውለድ፣ ላም በየዓመቱ ጥጃ አሳድጋ ማስረከብ አለባት፤ ያለዚያ ትሸጣለች። መንጋው ወደ ኮሎራዶ ሜዳ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1954 ቢፍማስተር በሚል ስም እንደ ዝርያ ታወቀ። ሩቅ ሆኖ የሚያየው ሰው የገበያ ውርውር ከብት ይመስለው ይሆናል። የሚመዝነው፣ የሚያልበውና የሚያርደው ሰው ግን ወጥነቱን ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ወጥነት የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም እንዳለው ልብ ይሏል። አንደኛው የዓይን ወጥነት ነው፤ ቀለም፣ ቀንድ፣ የፊት ምልክት። እነዚህን የሚወስኑት ጥቂት ዘረመሎች ስለሆኑ ዲቃላ ከዲቃላ ሲራባ በሁለተኛው ትውልድ መልክ ይበታተናል፤ ጥቍር ከቀይ፣ ቀንዳም ከቀንድ አልባ ይወለዳል። ሁለተኛው የሚዛን ወጥነት ነው፤ ጥጃው ጡት ሲተው ያለው ክብደት፣ ሰንጋው ለቄራ የሚደርስበት ዕድሜ፣ የሥጋው መጠን። የቄራ ገዥ እንደ ብሎን ገዥ ነው፤ ሁሉም በተፈቀደው የልዩነት ልክ ውስጥ እንዲሆንለት ይፈልጋል እንጂ ብሎኑ የተሠራበት ማዕድን ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። እነዚህን ባሕርያት የሚወስኑት እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ድርሻ ያላቸው እጅግ ብዙ ዘረመሎች ናቸው። ታዲያ ደም ሲቀላቀል የሚዛኑም ወጥነት እንደ ቀለሙ ይበታተን ይሆን? አርቢዎች ለሁለት ትውልድ ያህል በግምት ሲከራከሩበት የቈዩት ጥያቄ ይህ ነበር።

መልሱ የተገኘው በኔብራስካ ነው። ክሌይ ሴንተር የተባለው የሥጋ ከብት ምርምር ማዕከል የተመሠረተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈ የባሕር ኃይል ጥይት መጋዘን ይዞታ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱ በሺህ የሚቈጠሩ ላሞችን ለመያዝ ይበቃ ነበር። ኪት ግሬጎሪ፣ ላሪ ከንዲፍና ሮበርት ኮክ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ጥምር ዝርያዎችን ሠሩ። የመጀመሪያው ብራውንቪ፣ ሻሮሌና ሊሙዘን እያንዳንዳቸው ሩብ፣ ሄርፎርድና አንገስ ደግሞ እያንዳንዳቸው ስምንተኛ የሚሆኑበት ነው። ሁለተኛው ከሲመንታል፣ ከጌልብቪ፣ ከሄርፎርድና ከአንገስ፣ ሦስተኛው ከፒንዝጋወር፣ ከሬድ ፖል፣ ከሄርፎርድና ከአንገስ በእኩል ሩብ የተቀመሙ ናቸው። የእያንዳንዱ ጥምር ከብቶች ከተመሠረቱ በኋላ እርስ በርሳቸው ብቻ ለትውልዶች ሲራቡ፣ ንጹሖቹ ዝርያዎችም ጐን ለጐን በዚያው ግጦሽ ላይ ቈዩ።

ሲለካ የተገኘው ብዙዎችን አስገረመ። ልዩነትን ለማወዳደር የተጠቀሙበት መለኪያ መሐንዲሶች የሚያውቁት ነው፤ የመለኪያዎቹን ስርጭት ለአማካያቸው ማካፈል። በክብደት፣ በዕድገትና በሥጋ መጠን የጥምሮቹ ልዩነት ከንጹሖቹ ዝርያዎች ልዩነት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ምክንያቱም ንጹሕ የሚባለው ዝርያ ራሱ በውስጡ ብዙ ልዩነት የተሸከመ በመሆኑ ነው፤ የመዝገቡ ወረቀት ያጠራው ቀለሙን እንጂ ክብደቱን አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ተመራማሪዎቹ በመጠንና በወተት እጅግ የሚራራቁ ዝርያዎችን አንድ ላይ ከመቀመም ይልቅ ግባቸው የሚቀራረበውን መምረጥ እንደሚሻል አሳስበዋል።

ሁለተኛው ውጤት የዲቃላ ብርታትን የሚመለከት ነው። ሁለት ዝርያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዳቀሉ የሚታየው የወላድነትና የጥንካሬ ጭማሪ በኋለኞቹ ትውልዶች ምን ያህሉ ይቀራል የሚለውን በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል፤ የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ከአንድ መቀነስ ነው። ለሳንታ ገርትሩዲስ ይህ 47 ከመቶ፣ ለቢፍማስተር (ግማሽ ብራህማን፣ ሩብ ሄርፎርድ፣ ሩብ ሾርትሆርን ብለን ብንወስደው) 62 ከመቶ ተኩል፣ ለክሌይ ሴንተር ባለ አራት ሩብ ጥምሮች 75 ከመቶ፣ ለመጀመሪያው ጥምር 78 ከመቶ ያህል ይሆናል። በተግባርም የተለካው በአብዛኛው ከዚህ ስሌት ጋር የሚስማማ ሆነ። ከዚህ በፊት ብርታትን ለመጠበቅ ይመከር የነበረው የሁለት ዝርያ ኮርማዎችን እያፈራረቁ ማስጠቃት ነበር። ይህ ዘዴ ለየኮርማው የተለየ ግጦሽ ይጠይቃል፤ የመንጋውም ደም በየትውልዱ ከሲሶ ወደ ሁለት ሲሶ እየተወዛወዘ ወጥነትን ይነሣል። ጥምር ዝርያ ግን አንዴ ከተሠራ እንደ ማንኛውም ዝርያ በአንድ ግጦሽ ላይ ይያዛል።

ይህ ታሪክ በአንድ በኩል ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በክሌይ ሴንተር ለሙቀት አገር የሚሆን ደም ሲፈተን ከብራህማን ጐን ከቀረቡት አንዱ የቦረና ከብት ነበር። መነሻው የደቡብ ኢትዮጵያ የቦረና ሜዳ ሲሆን፣ በኬንያ አርቢዎች እጅ ተመርጦ በ1951 የራሱ ማኅበር ተቋቋመለት፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከደቡባዊ አፍሪካ በበረዶ በተቀመጠ ሽል መልክ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ኔብራስካ የደረሰውም በዚያ በኩል ነው። ዲቃላ ጥጆቹ ሲወለዱ ከብራህማን ዲቃላዎች የቀለሉ ስለነበሩ ምጡ አይከብድም፤ ሴቶቹም ወላዶች ሆነው ተገኙ። ቦረና ራሱ በጥንት ዘመን ሻኛ ካለውና ከሌለው ዘር የተቀላቀለ መሆኑን የዘረመል ጥናት አሳይቷል፤ መንጋውን አንድ ወጥ ያደረገው መዝገብ ሳይሆን ረጅም የአርብቶ አደር ምርጫ ነው።

በአገር ውስጥ ማዳቀል ሲካሄድ የኖረው ከሥጋ ይልቅ ለወተት ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ትብብር የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ጋር ያዳቅል ነበር፤ በስምጥ ሸለቆ የአበርኖሳ የከብት ማራቢያም የቦረና ላሞችን በፍሪዥያን ዘር እያስጠቃ ያረገዙ ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል ነበር። ስሌቱ ለወተትም ለሥጋም አንድ ነው። ግማሽ ደሟ ፍሪዥያን የሆነች ጊደር በገበሬው ደጅ ጥሩ ላም ትሆናለች። ችግሩ የሚነሣው ሴት ልጇ ላይ ነው። በፍሪዥያን ዘር ብትጠቃ ሦስት ሩብ ደም ያላት፣ ብዙ መኖ የምትፈልግ ጥጃ ትወልዳለች፤ በሰፈሩ ኮርማ ብትጠቃ ወደ ሩብ ትመለሳለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ መንደር ውስጥ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት ሩብ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ አንዱ የመኖና የሕክምና ምክር ለሁሉም አይሠራም። ግማሹን ከግማሽ ጋር አራብቶ፣ መርጦ፣ ድርሻውን እዚያው ላይ ማጽናት የሚቻል መሆኑን ክሌይ ሴንተር አሳይቷል፤ የዲቃላው ብርታት ግማሹ እንደሚቀርም ከላይ ባለው ስሌት ይታወቃል።

ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው ቍጥር ደግሞ የታወቀ ነው። ላሞቹ ብዙ ቢሆኑም በየትውልዱ አንድ ኮርማ ብቻ ከሠራ የመንጋው ዝምድና በትውልድ 12 ከመቶ ተኩል ይጨምራል፤ በአራት ኮርማ 3 ከመቶ ያህል፣ በሃያ አምስት ኮርማ ግን ግማሽ ከመቶ ብቻ ነው። ለአንድ ኮርማ ሃያ አምስት ላም ቢታሰብ 625 ላሞች ያስፈልጋሉ። ይህ የአንድ ባለ ከብት በረት አይደለም። በቦረና በቱላ ጕድጓዶች ዙሪያ በየተራ ውኃ የሚጠጣው የብዙ ባለ ከብቶች መንጋ ግን ከዚህ ቍጥር ይበልጣል።